የካቦ ድፋባቸው መጋረጃ

አንድ ወህኒ ቤት ነበር፤ ድሮ የጨው መጋዘን የነበረ። ነጋዴዎቹ ጨዋቸውን ጭነው ከሄዱ ብዙ ዘመን ቢያልፍም ጨው ግን ግድግዳውን አልለቀቀም። ሙቀት ሲበረታ ግድግዳው ያልበዋል፤ ሲደርቅ ደግሞ እንደ አመድ ይነጣል። እዚያ የታሰረ ሰው ከንፈሩን በላሰ ቁጥር ጨው ይቀምሳል። ስለዚህ በዚያ ቤት ከሁሉ የከበደው ቅጣት ጅራፍም ሰንሰለትም አልነበረም፤ ውሃ ጥም ነበር።

ዳኛ የፈረደባቸው ነጻነታቸውን እንዲያጡ ነው። ውሃ እንዲያጡ የፈረደ ዳኛ የለም። ጠባቂዎቹ ግን ጠዋት ጠዋት በርሜል ሙሉ ውሃ አስገብተው በሩን ከቆለፉ በኋላ ማን ጠጣ፣ ማን ቀረ ብሎ መጠየቅን ሥራዬ ብለው አያውቁም። ሥራውን ለካቦው ትተውታል። ካቦ ማለት እሱም እስረኛ ሆኖ እስረኛ የሚያዝ ሰው ነው። የት እንደምትተኛ፣ ከቤትህ ስንቅ ሲመጣልህ ምን ያህሉ እንደሚቀርልህ፣ ከማን ጋር እንደምታወራ የሚቆርጠው እሱ ነው። ለጠባቂዎቹ ይህ እረፍት ነው፤ አንድ ሰው አስፈርተህ ክፍል ሙሉ ሰው ጸጥ ታሰኛለህ።

የዚያ ክፍል ካቦ ድፋባቸው ይባላል። አልጋው ያለው ከመስኮቱ ሥር፣ በደረቁ ጥግ ነው። ዙሪያውን ወፍራም የአቡጀዲ መጋረጃ ተጋርዶበታል።

በአንድ በጋ ቢራራ የሚባል የበቅሎ ነጋዴ ገበያ ላይ ተጣልቶ ወደዚያ ክፍል ተጣለ። አዲስ ስለሆነ መኝታው በእርጥቡ ጥግ፣ ከቆሻሻው ባልዲ አጠገብ ሆነ። ሥርዓቱን የነገረው አስናቀ የሚባል ልብስ ሰፊ ነው።

«መጋረጃውን ትክ ብለህ አትይ» አለው አስናቀ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማን ነው እዚያ ያለው?»

«ካቦ ድፋባቸው ናቸው። ብርሃን አይወዱም። ከተረኛው በቀር ማንም አይገባባቸውም።»

«ተረኛውስ ማን ነው?»

«ሁላችንም። በመኝታችን ቅደም ተከተል አንድ አንድ ቀን ይደርሰናል። ምሳቸውን ታስገባለህ፣ በልተው እስኪጨርሱ ትቀመጣለህ፣ የዕለቱን ትእዛዝ ይዘህ ትወጣለህ። ሌላ ጣጣ የለውም።»

«ሰውየው ደግ ናቸው ወይስ ክፉ?»

አስናቀ መልሱን ሲፈልግ ቆየና «ቀን አላቸው» አለው።

በማግስቱ ቀትር ላይ ቢራራ ሥርዓቱን በዓይኑ አየ። አንድ ሰፊ የቆርቆሮ ሳህን ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። እያንዳንዱ እስረኛ ከስንቁ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳህኑ ላይ አስቀመጠ። ካቦው ሳይቀምሱ የሚጎርስ የለም። ተረኛው ሳህኑንና አንድ ጣሳ ውሃ ይዞ መጋረጃውን ገለጥ አድርጎ ገባ፤ የቀሩት ሁሉ ጀርባቸውን ወደ መጋረጃው አዞሩ። ከውስጥ የማላመጥ ድምፅ መጣ። ቀጥሎ ጣሳ ሲቀመጥ ተሰማ። በመጨረሻም ሳል፤ ደረቅ፣ ረጅም፣ ጫፉ ላይ እንደ ፉጨት የሚሰልል ሳል። ያ ሳል ሲሰማ ጢማቸው የሸበተ ሰዎች እንደ ተማሪ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ተረኛው አፉን እየጠረገ ወጣና ትእዛዙን ተናገረ።

«ካቦ ድፋባቸው እንዲህ ብለዋል፤ ዛሬ የሚያፏጭ ሰው ውሃ አያገኝም።»

ትእዛዙ በየቀኑ ይለዋወጣል። አንድ ቀን እግሩን ያነባበረ ይቀጣል፤ በሌላው ቀን ደግሞ እግሩን የዘረጋ። አንዳንዱ እንዲያውም ያስቃል። የሚስቅ ግን አልነበረም፤ ትእዛዝ የጣሰውን የገዛ ጎረቤቶቹ አስነስተው ግድግዳው ሥር ያቆሙታል፤ ጣሳውንም ይቀሙታል። ቢራራ ሲታዘብ ከረመና በልቡ «ይህ ሰውዬ እንዴት ያለ ተለዋዋጭ ነው?» አለ። ትላንት የጠላውን ዛሬ ይወዳል። የሚገርመው፣ ካቦው የሚቀጣው ሁልጊዜ የተረኛውን ባላጋራ ነው።

ከሁሉ የከፋው ግን «መዘጋት» የሚሉት ነበር። የተዘጋ ሰው አይነገርም፣ አይጠየቅም፣ ሰላም አይባልም። ውሃ የሚደርሰው ሁሉም ጠጥቶ ሲያበቃ፣ ከበርሜሉ ሥር ዝቃጭ ከተረፈ ነው። በዚያ ክፍል የተዘጋው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ጋሽ እጅጉ የሚባሉ ሽማግሌ። መኝታቸው ከባልዲው ሥር፣ ከቢራራ ጎን ነው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ሰውነታቸው ከቀን ወደ ቀን እየኮሰመነ ሄዶ ብርድ ልብሱ ሥር ሰው ያለ አይመስልም። ያንን በጋ እንደማይዘልቁት ማንም ያውቃል።

ቢራራ ሆዱ አልቻለም። የነጠላውን ጫፍ በድርሻው ውሃ እያራሰ፣ ዘወር ያለ መስሎ እጃቸው ውስጥ ይከተዋል። እሳቸውም ይመጥጡታል። አንድ ቀን ፊቱን ወደ ግድግዳው እንዳደረገ ጠየቃቸው።

«ጋሽ እጅጉ፣ ምን አጥፍተው ነው?»

«አየሁና ተናገርኩ።»

«ምን አዩ?»

«እሱን ከነገርኩህ አንተም ትዘጋለህ። ደግሞስ ነግሬህ ብታምነኝ ምን ይጠቅመኛል? ተራህ ሲደርስ ግባና በገዛ ዓይንህ እይ። ከዚያ ያየኸውን መጥተህ ንገረኝ። ካንተ የምፈልገው ይህችን ብቻ ነው፣ ልጄ። እኔ ያየሁትን ሌላ አንድ ሰው አይቷል ብዬ ልሙት።»

ቢራራ ቃል ገባላቸው።

ተራው ደረሰ። ሳህኑን በአንድ እጁ፣ ጣሳውን በሌላው ይዞ መጋረጃውን በትከሻው ገለጠና ገባ። ዓይኑን ከመሬት ሳያነሳ «ጤና ይስጥልኝ፣ ካቦ» አለ። መልስ የለም። ቀስ ብሎ ቀና አለ።

አልጋው ባዶ ነበር። ብርድ ልብሱ ተስተካክሎ ተነጥፏል። ትራሱ ላይ ከጣሪያው የረገፈ ጨው እንደ ዱቄት ተነስንሶበታል፤ አንድ ጭንቅላት እንኳ ያላረፈበት፣ ለስላሳ ጨው። ከአልጋው አጠገብ፣ ተረኛው የሚቀመጥበት መሬት ከመቀመጥ ብዛት አብለጭልጯል። በመጋረጃው የውስጥ ገጽ ላይ ደግሞ ጣቶች ነበሩ፤ ወጥ የነካቸው ጣቶች የተጠረጉባቸው እድፎች፣ ወፍራሞች፣ ቀጭኖች፣ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርበው። የሁሉም ጣት ነበር። ሁሉም እዚህ ገብቶ፣ ባዶውን አልጋ አይቶ፣ በልቶ ወጥቷል ማለት ነው።

በኋላ እንደታወቀው እውነተኛው ድፋባቸው ክፉ ሳል ይዞት፣ አንድ ማለዳ ጠባቂዎች በቃሬዛ ተሸክመውት ወጥተዋል። ይሙት ይዳን የነገራቸው የለም። በዚያ ቀን ቀትር ተረኛ የነበረው ሰው ሳህኑን እንደ ወትሮው ይዞ ገባ። ይመለስ ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነው የሚሉ አሉ፤ ርቦት ነውም የሚሉ አሉ። ብቻ ሲወጣ ትእዛዝ ይዞ ወጣ። ቀጣዩም እንዲሁ አደረገ። እያንዳንዱ ቀኑን እስኪያገኝ ሌላ ጊዜ ሁሉ ይሰግዳል።

ቢራራ ግን ይህን ገና አላወቀም። ባዶው አልጋ ፊት ቆሟል። ከውጭ የክፍሉ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ቢርበውም ባይርበውም ቁጭ አለና በላ፤ ሲያላምጥ እንዲሰማ ጮክ አድርጎ አላመጠ። ጣሳውንም አስቀመጠ። የቀረው ሳሉ ነው። አፉን ሳይከፍት ጉሮሮው ውስጥ የማያውቀው ነገር ተንቀሳቀሰ፤ ከዚያ ወጣ፤ ደረቁ፣ ረጅሙ፣ ጫፉ የሚፏጨው ሳል። ተለማምዶት አያውቅም። ባዶው አልጋ ካስፈራው ይልቅ የገዛ ጉሮሮው አስፈራው።

ወጥቶ «ማንም የለም» ቢል ምን እንደሚከተል አሁን ገባው። ጋሽ እጅጉ ያሉት ይህን ነበር፤ የተዘጉትም ለዚህ ነው። ጥቂት አሰበና አንድ ብልሃት መጣለት፤ ደስም አለው። ሌሎቹ ይህን አልጋ ለክፋት ከተጠቀሙበት እኔ ለደግ ሥራ ባውለውስ? ጣቱን መጋረጃው ላይ ጠርጎ ወጣ።

«ካቦ ድፋባቸው እንዲህ ብለዋል፤ ጋሽ እጅጉ ተከፍተዋል። ሙሉ ጣሳ ውሃ ይሰጣቸው። መኝታቸውም በሞላልኝ ቦታ፣ በደረቁ በኩል ይሁን።»

ወዲያው ተፈጸመ። ሽማግሌውን ሲያልፉ ፊታቸውን ያዞሩ የነበሩ ሰዎች ደግፈው አነሷቸው። አስናቀ ውሃውን በሁለት እጁ ይዞ መጣና «እንኳን ደስ ያለዎት» አላቸው። ቦታው የተወሰደበት ሞላልኝ የሚባለው ጠና ያለ ሰው ግን ፍራሹን ጠቅልሎ ወደ ባልዲው ሄደ።

ጋሽ እጅጉ ጠጡ። ጣሳውን እስከ ግማሽ አደረሱና ቀና ብለው ቢራራን አዩት።

«ልጄ፣ አየኸው?»

ሁሉም ጆሮ ሆነ። የለም ቢል ትእዛዙ ይፈርሳል፤ ጣሳውም ከእጃቸው ይነጠቃል።

«አየኋቸው፣ ጋሼ።»

«ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ስለ እርስዎም ጠየቁኝ።»

«እንግዲያው ዓይኔ ነው የከዳኝ» አሉ ሽማግሌው። «ይህን ሁሉ ጊዜ ሰው በከንቱ ሳማ ኖሬያለሁ።» ግማሽ የቀረውን ውሃ አስቀመጡና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኙ።

ቢራራ ውሃ ሰጣቸው፤ ምስክራቸውን ግን ነሣቸው። ከሁለቱ የትኛው እንደጠማቸው ያልገባው እሱ ብቻ ነበር። ያሳዝናል፤ ልቡ ክፉ አልነበረምና።

በማግስቱ ተረኛው ሞላልኝ ነበር። ከመጋረጃው ጀርባ ብዙ ቆየ። ሳሉም ከወትሮው ረዘመ።

«ካቦ ድፋባቸው ተቆጥተዋል» አለ ሲወጣ። «ትላንት ምሕረት ቢያደርጉለት ሽማግሌው የተሰጠውን ውሃ ሳይጨርስ አስቀመጠ፤ ንቀት ነው ብለዋል። ወደ ቦታው ይመለስ። ከእንግዲህ ከበርሜሉ ጠብታ አይደርሰውም።»

ቢራራ ብድግ አለ። «ውሸት ነው! እንዲህ አላሉም!»

ሞላልኝ አልተቆጣም። ጠጋ ብሎ ቀስ ባለ ድምፅ «የትኛው ነው ውሸት?» አለው። «የዛሬው ነው ወይስ የትላንቱ?»

የዛሬውን ውሸት ለማፍረስ የትላንቱን ማፍረስ ሊኖርበት ነው። ከሁሉ ይልቅ መጋረጃውን ያጸናው እሱ ራሱ፣ ቢራራ ሆኖ ተገኘ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ጋሽ እጅጉ ወደ ባልዲው ተመለሱ። ቢራራ እንደ ቀድሞው የነጠላውን ጫፍ አርሶ እጃቸው ውስጥ ሊከት ሞከረ፤ እሳቸው ግን ጣታቸውን አጠፉ።

«ተው ልጄ» አሉት። «ካቦው ካሉ ካሉ ነው። ይመለከቱናል።»

ይህ ነበር ቢራራን የሰበረው። በዚያ ክፍል ውስጥ ካቦው እንደሌለ በልቡ ይዞ የኖረ፣ ለዚህም የተጠማ አንድ ሰው ነበር፤ እሱንም አሳመነው። ሽማግሌው ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ ሲመጣ፣ ሳህኑ በሚዞርበት ሰዓት ቢራራ መሐል ላይ ቆመ።

«ከመጋረጃው ጀርባ ማንም የለም!» አለ ጮኾ። «ምሳውን የበላሁት እኔ ነኝ። የሳሉም ድምፅ የእኔ ነበር። ትእዛዙን ከራሴ አመጣሁት። አልጋው ባዶ ነው!»

ጩኸት ጠበቀ። ዱላም ጠበቀ። ምንም አልመጣም። አንድም ሰው አልደነገጠም፤ አንድም ሰው አልተገረመም። ሰዎቹ ጣቶቻቸውን ያዩ ነበር። በመጨረሻ አስናቀ፣ ለቅሶ ቤት ያልሆነ ነገር የተናገረን ሰው እንደሚያባብሉ፣ በለሰለሰ ድምፅ ተናገረው።

«እናውቃለን፣ ወንድሜ። ተቀመጥ፤ ምሳው ይቀዘቅዛል።»

ቢራራ አልተቀመጠም። ጣሳ አንስቶ ወደ በርሜሉ ሄደ። በየእርምጃው የሚያንቀው እጅ ሲጠብቅ ማንም አልነካውም። ቀዳ። ተመለሰ። በርሜሉ ሁልጊዜም እዚያው ነበር፤ መንገዱም ክፍት ነበር። ከሽማግሌው አጠገብ ተንበርክኮ ጭንቅላታቸውን ቀና አደረገ።

«ጋሽ እጅጉ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ማንም የለም። አልጋው ባዶ ነው፤ ትራሱ ላይ ጨው አለ።»

ዓይናቸው ተከፈተ። «ጨው...» አሉ። «አዎ፤ ትራሱ ላይ ጨው ነበረ።» ፊታቸው በራ። ቢራራ ጣሳውን ወደ ከንፈራቸው አስጠጋ፤ ውሃው ግን ወደ ውስጥ አልገባም፤ በጢማቸው ላይ ወርዶ ደረታቸውን አራሰ። ሞተው ነበር።

ከሰዓት በኋላ የጥበቃው ሹም ከሁለት ጠባቂዎች ጋር ቃሬዛ አስይዞ መጣ። «የምንገንዝበት ጨርቅ አላችሁ?» ብሎ ጠየቀ። ቢራራ ወደ ደረቁ ጥግ ሄደና መጋረጃውን ይዞ ሳበው። ተቀዶ ወረደ። ጋሽ እጅጉን በእሱ ጠቀለላቸው፤ የእድፉ ጣቶች በደረታቸው ላይ ሆኑ።

የመስኮቱ ብርሃን ባዶው አልጋ ላይ ወደቀ። የተነጠፈው ብርድ ልብስ፣ ጨው ያለበሰው ትራስ፣ ሁሉም ለሁሉም ታየ። ሹሙ አልጋውን ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«ካቦአችሁ የት አሉ?» አለ።

የአስናቀ ዓይን ባዶው አልጋ ላይ ነበር።

«ተኝተዋል፣ ጌታዬ።»

ሹሙ ራሱን ነቀነቀ። «እንግዲያው አትቀስቅሷቸው» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ቃሬዛውን አሸክሞ በእግሩ ጣት እየረገጠ ወጣ፤ በሩንም ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጎ ቆለፈ። ቁልፉ በእጁ ያለ፣ ደመወዝ የሚበላበት፣ በአንድ ቃል ያንን አልጋ ሊያስወጣ የሚችል ሰው እንዲህ አድርጎ ወጣ። ይህን ስናገር አሁንም ያናድደኛል።

በማግስቱ ቀትር ሳህኑ ዞረ። ቢራራ ጋ ሲደርስ ምንም ሳያስቀምጥበት የመጀመሪያውን ጉርሻ ለራሱ ጎረሰና ሳህኑን ለአስናቀ አቀበለ። አስናቀ ጉርሻውን ጠቅልሎ እጁን ወደ ሳህኑ ዘረጋ። ግማሽ መንገድ ላይ ግን እጁ ቆመ። ቢራራን አየው። አልጋውን አየው።

በዚህ ጊዜ ሳል ተሰማ። ደረቅ፣ ረጅም፣ ጫፉ የሚፏጭ። የመጣው ከደረቁ ጥግ ነው። ተረኛው ገና አልገባም፤ ሁሉም በክብ እንደተቀመጡ ነበሩ፤ መጋረጃም የለም። እያንዳንዱ የጎረቤቱን ጉሮሮ ተመለከተ። ቀጥሎም እያንዳንዱ ቀስ ብሎ እጁን ወደ ራሱ ጉሮሮ ሰደደ። የአስናቀ እጅ ግን አሁንም ከነጉርሻው ሳህኑ ላይ ተንጠልጥሏል።

ታሪኩ እኔ ጋ ሲደርስ እዚህ ላይ ያልቃል።

ትምህርቱን ግን ልንገራችሁ። ግፈኛ ሞቶም ቢሆን ይገዛል፤ ምሳውን የሚያቀርብለት፣ ሳሉን የሚስልለት ሕያው ሰው እስካለ ድረስ። ሐሰተኛ ሥልጣንን ለደግ ሥራ ልዋሰው የሚል ሰው ሐሰቱን ያጸናዋል፤ ነገ ለሚመጣው ክፉ ሰው ምስክር ሆኖ ይቆማል። እውነትን ያየ ብቸኛ ሰው ደግሞ ከውሃም በላይ የሚጠማው «እኔም አይቻለሁ» የሚለው ሁለተኛ ሰው ነው። ያ ሁለተኛ ሰው ዘግይቶ ሲመጣ የሚያገኘው ሬሳ ነው።

ይህን ታሪክ ለሌላ ሰው የምትነግሩ ከሆነ መጨረሻ አትጨምሩበት። ይልቅ የነገራችሁትን ሰው፣ ከዚያም ራሳችሁን ጠይቁ፤ በምትኖሩበት ቤት፣ በምትሠሩበት ቦታ፣ በዚያ ሳህን ላይ የተንጠለጠለው እጅ የማን ነው? ወዴትስ ይመለሳል?